ቤዙም ይግባ፣ በጉም ይግባ፦ ጠባብ ኮፈን ውስጥ ሳብዉፈር ስለመግጠም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቪትዜ ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ገዛሁላት። ሳጥኑን ያሠራሁት ሰፈር ውስጥ ካለ አናጺ ነው። ውበቱን አትጠይቁኝ፤ ትልቅ ነበር። የኋላውን ኮፈን ግጥም አድርጎ ሞላው። ሙዚቃ ሲከፈት መስታወቱ ይርገበገባል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። በግ ገዝቼ መኪናዋ ጋ መጣሁና ኮፈኑን ከፍቼ ቆምኩ። በጉ እኔን ያያል፣ እኔ ሳጥኑን አያለሁ። በመጨረሻ ለበጉ ለብቻው ኮንትራት ታክሲ ያዝኩለት። ሳጥኑ ከዳግማይ ትንሣኤ አላለፈም፤ ተሸጠ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ገጥሜ ሦስት ጊዜ ነቅያለሁ፤ አራተኛው እስካሁን አለ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከመነሻው ነው። መጀመሪያ ስፒከሩን እንመርጣለን፣ ከዚያ የት እንደምናስገባው እንጨነቃለን። መሆን ያለበት ግን ተገላቢጦሹ ነው። ከኮፈኑ ስንት ሊትር ልለቅ እችላለሁ ብላችሁ ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ ስፒከሩን ራሱ ቁጥሩ ይመርጥላችኋል። ደግሞ ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ፦ በሊትር ያተረፋችሁትን በዋት ትከፍላላችሁ፣ የዋቱን ዕዳ ደግሞ በወፍራም የመዳብ ገመድ።

ቤዝ ለምን ቦታ ይፈጃል?

ስፒከር ሥራው አየር መግፋት ነው። ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ስፒከር በሴኮንድ ሺህ ጊዜ ትንሽ ትንሽ እየነካካ ያወጣዋል። ወፍራሙ ድምፅ በሴኮንድ የሚመላለሰው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ እያንዳንዱ ግፊት ትልቅ መሆን አለበት። ድምፁ ከ80 ሄርዝ (በሴኮንድ ከ80 ምልልስ) ወደ 40 ሲወርድ በገላጣ ቦታ እኩል ጎልቶ እንዲሰማ ስፒከሩ የሚገፋው አየር አራት እጥፍ ይሆናል። ወደ 20 ሲወርድ አሥራ ስድስት እጥፍ። ሳብዉፈር ሰፊ የሚሆነውም፣ ወደፊትና ወደኋላ ብዙ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

ሳጥኑስ? ስፒከር በፊቱ ሲገፋ በጀርባው ይስባል። ሁለቱ አየሮች ከተገናኙ ይጠፋፋሉ፤ ሳጥን የሌለው ሳብዉፈር ሲንቀጠቀጥ ታዩታላችሁ እንጂ ቤዝ አትሰሙም። ሳጥኑ ጀርባውን ያፍናል። የታፈነው አየር ደግሞ እንደ ሞላ ይሆናል፦ ሳጥኑ ሲጠብ ሞላው ይጠነክራል፣ ስፒከሩን ይይዘዋል፣ መጀመሪያ የሚጠፋውም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ኳስ በጣም ስትነፋ በእጅ አልጫን እንደምትለው ማለት ነው።

ይህን ነገር ወደ ሕግ የቀየሩት ሰዎች አሉ። በ1957 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኬኤልኤች የተባለውን የስፒከር ፋብሪካ ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆፍማን ነበር፤ የስሙ መነሻ ፊደል የኩባንያው ስም መጨረሻ ላይ አለ። በእሱ ስም የሚጠራው «የሆፍማን የብረት ሕግ» እንዲህ ይላል፦ ትንሽ ሳጥን፣ ዝቅ ብሎ የሚወርድ ቤዝ፣ በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥ፣ ሦስቱን አንድ ላይ አታገኝም። ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት ትንንሽ ሳብዉፈሮች አብዛኞቹ ሦስተኛውን የሠዉ ናቸው። ትንሽ ናቸው፣ ዝቅ ብለውም ይወርዳሉ፣ ግን ዋት ይጠጣሉ። ሻጩ «ይቺ ትንሽ ናት ግን ከትልቁ አትለይም» ሲላችሁ ልዩነቱ የተደበቀው እዚህ ነው።

ትንሽ መኪና ያላችሁ ሰዎች ግን አንድ ነገር በነፃ ታገኛላችሁ። የ40 ሄርዝ የድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው፤ የቪትዝ ውስጧ ከዳሽቦርድ እስከ ኋላ በር 2 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ሞገዱ መኪናዋ ውስጥ ሊዘረጋ አይችልም። ከ70 ሄርዝ ገደማ በታች መኪናዋ ክፍል መሆኗ ይቀርና እንደ ጎማ መንፊያ ትሆናለች፦ ስፒከሩ ሲገፋ ውስጥ ያለው አየር በሙሉ አብሮ ይጨመቃል። በዚህ ቤዙ ይጎላል፤ ጭማሪው ድምፁ በወፈረ ቁጥር ያድጋል፤ በንድፈ ሐሳብ ሄርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር እስከ 12 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ)። ላሜራው ስለሚለጠጥና በሩ ስለሚያሾልክ በተግባር ያነሰ ነው። አሁን ወዲህ ተመልከቱ፦ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሳጥን ከተወሰነ ነጥብ በታች ድምፁ የሚቀንሰው በዚያው በ12 ዴሲቤል ልክ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። መኪናዋ ባነሰች ቁጥር ደግሞ እገዛው ከፍ ካለ ሄርዝ ይጀምራል። ሱቅ ጠረጴዛ ላይ «ይሄማ ምንም የለው» ያላችሁት ስምንት ኢንች መኪና ውስጥ ሌላ ስፒከር የሚመስለው ለዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ ሰምታችሁ አትፍረዱ። መስኮት ከፍታችሁም አትፍረዱ፤ መስኮት ሲከፈት የተጨመቀው አየር ያመልጣል።

ለዚህ ነው ለጠባብ መኪና የተዘጋ ሳጥን የምለው። ቱቦ ያለው ሳጥን ጮክ ይላል፣ እውነት ነው። ግን ተለቅ ያለ ሳጥን ይፈልጋል፣ ቱቦው ከተስተካከለበት ሄርዝ በታች ድምፁ በእጥፍ ፍጥነት ይወድቃል፣ በልክ ካልተሠራ ደግሞ አንድ ኖታ ብቻ እየመረጠ «ዱም፣ ዱም» ይላል። የእኔ 12 ኢንች እንደዚያ ነበር፤ ከበሮውም ቤዝ ጊታሩም አንድ ዓይነት ድምፅ ነበራቸው።

ሊትሩን ስንቆጥር

ለተዘጋ ሳጥን በጥቅሉ ስምንት ኢንች ከ8 እስከ 12 ሊትር፣ አሥር ኢንች ከ14 እስከ 21፣ አሥራ ሁለት ኢንች ከ23 እስከ 35 ሊትር ይፈልጋል። ትክክለኛው የስፒከሩ ወረቀት ላይ አለ፣ ከወረቀቱ አትውጡ። ይህ ግን የውስጥ መጠን ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው የእንጨቱን ውፍረት ነው። ውስጡ 46 በ28 በ14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 18 ሊትር ይይዛል። በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) ሲሠራ ግን ውጪው 49.6 በ31.6 በ17.6 ይሆናል፤ ከኮፈኑ የሚወስደው 27 ሊትር ተኩል ነው። አንድ ሦስተኛውን የበላው እንጨቱ ነው ማለት ነው። በአውሮፓ ያሪስ እየተባለች ትሸጥ የነበረችው የሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ኮፈን 272 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑ አንድ አሥረኛውን ይወስዳል። በጉ ይገባል። 177 ሊትር ባላት ሱዙኪ አልቶ 800 ላይ ግን ያው ሳጥን አንድ ስድስተኛውን ገደማ ይዞ ይቀመጣል፤ ያኔ ወደ ስምንት ኢንች ውረዱ።

ሳጥኑ ካሰባችሁት ትንሽ ከጠበበ የትራስ ፖሊስተር ፈታ አድርጋችሁ ጨምሩበት። የሚጨመቀውን አየር ሙቀት ስለሚቀበል ስፒከሩ ሳጥኑን ከ10 እስከ 20 በመቶ ሰፋ ያለ አድርጎ ያየዋል። ጠቅጥቃችሁ ግን አትሙሉት።

የት ይግባ?

ከወንበር ስር የሚገቡት፣ ፓዮኒርም ኬንዉድም የሚሠሯቸው፣ ከፍታቸው 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ አምፕሊፋየራቸው (ድምፁን በዋት የሚያጎለብተው አምፕ) አብሮ የተሠራላቸው ጠፍጣፋ ሳብዉፈሮች ኮፈኑን ጨርሰው አይነኩም። ከእነሱ የሚጠበቀውን ማወቅ ነው። የተራበውን የበር ስፒከር ይሞሉታል፤ ቤዝ ጊታሩ ይሰማል፣ ሙዚቃው አካል ያገኛል። መስታወት አያርገበግቡም። ራይድ ለሚሠራና ኮፈኑ ለተሳፋሪ ሻንጣ ለሚያስፈልገው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ስትገጥሙ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊትም ወደኋላም ገፍታችሁ ሞክሩ። ከወንበሩ ስር ቢጫ ሶኬት ያለው ሽቦ ካያችሁ የኤርባግ ነው፤ አትንቀሉት፣ ገመዳችሁንም ከእሱ ጋር አትሰሩት። ክረምት ላይ ምንጣፉ ስር ውኃ የሚቋጥር መኪና ከሆነ መጀመሪያ የውኃውን መግቢያ ፈልጉ።

ስኮርታ ጎማ ውስጥ የሚገባም አለ። ጄቢኤል የሠራው፣ 11 ኢንች ስፒከርና 200 ዋት አምፕሊፋየር ያለው ክብ ሳብዉፈር በጎማው ቸርኬ ውስጥ ተቀምጦ በመካከለኛው ብሎን ይታሰራል። ብልህ ሐሳብ ነው፣ አንድ ሊትር አይወስድም። ግን ደብረ ብርሃን ሳትደርሱ ሌሊት ጎማ ሲተነፍስ መጀመሪያ የሚፈታው ሳብዉፈሩ ነው፤ የቆሸሸው ጎማ ከገባ በኋላም ሳብዉፈሩን የምታስቀምጡበት ቦታ ያስፈልጋል። ከተማ ለከተማ ለሚነዳ ሰው ይሁንለት። ስኮርታውን ቤት ትቶ ጉድጓዱን ለሳብዉፈር የሚያደርግ ሰውም አይቻለሁ፤ ስለ እሱ ምንም አልልም።

እኔ የረጋሁት በሦስተኛው መንገድ ነው፦ ጥልቀቱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ አሥር ኢንች፣ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ጋር ተጣብቆ በሚቆም ቀጭን የተዘጋ ሳጥን ውስጥ። የወንበሩ መደገፊያ ወደኋላ ያጋደለ ስለሆነ የሳጥኑም ፊት በዚያው ልክ እንዲያጋድል ማሠራት ነው፤ አለበለዚያ በመካከል ማንም የማይጠቀምበት ባለ ሦስት ማዕዘን ባዶ ቦታ ይቀራል። ፊቱን ወደ ኋላ በር ብታዞሩት ይሻላል። ቤዝ አቅጣጫው ስለማይለይ ከየት እንደመጣ ጆሮ አያውቅም፤ ግን ስፒከሩ ፊት ቢያንስ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታና ጠንካራ የብረት መከላከያ ያስፈልጋል። ጀሪካን ይወድቅበታላ።

ከኋላ ጎማው ሽፋን ጀርባ ያለውን ጥግ ተከትሎ በፋይበርግላስ የሚሠራው ሳጥን ከሁሉም ይበልጥ ቦታ ይቆጥባል፣ ከሁሉም ይበልጥም ያስወጣል። ቅርጹ ጠማማ ስለሆነ መጠኑን በሜትር ማስላት አይቻልም። ስፒከሩ ከመግባቱ በፊት በሩዝ ሙሉትና ሩዙን በአንድ ሊትር ሃይላንድ እየሰፈራችሁ ቁጠሩ። ሠሪው ቢስቅባችሁ ይሳቅ፤ «በዓይኔ ገምቼዋለሁ» ካለው ሰው የእናንተ ሩዝ ይታመናል።

እንደ ዲዛየርና ኮሮላ ኮፈናቸው ለብቻው የተዘጋ መኪኖች ላይ ቦታው ሰፊ ነው፤ የዲዛየር 378 ሊትር ይደርሳል። ችግሩ ድምፁ ወደ ሰው ለመድረስ በወንበሩ መደገፊያና በመስታወቱ ስር ባለው መደርደሪያ በኩል ማለፍ አለበት። መደገፊያው የሚታጠፍ ከሆነ አጠፍ አድርጋችሁ ልዩነቱን ስሙት።

ዋትና መዳብ

ካርቶን ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር እርሱት። አንድ የታወቀ የፓዮኒር የወንበር ስር ሳብዉፈር 160 ዋት ይላል፤ መግለጫው ውስጥ ግን ያለማቋረጥ የሚሰጠው 50 ነው። ፓዮኒር ቢያንስ ሁለቱንም ይጽፋል። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ካርቶን ላይ «2000 ዋት» ካያችሁ «አርኤምኤስ» (RMS፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ዋት) የሚል ቃል ፈልጉ፤ ከሌለ ቁጥሩ ጌጥ ነው። የፊውዙ መጠንም ያጋልጣል። ባለ 30 አምፔር ፊውዝ የተሰካበት አምፕ ከባትሪው የሚስበው ከ400 ዋት ብዙም አይዘልም፤ የሚያወጣው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው።

አሁን ሒሳቡ። 300 እውነተኛ ዋት የሚሰጥ የዲ ምድብ (Class D) አምፕ ከሚስበው 80 በመቶውን ወደ ስፒከሩ ቢያደርስ ከመኪናው 375 ዋት ይወስዳል። ሞተር ሲሠራ 13.8 ቮልት ላይ ይህ 27 አምፔር ነው። የድሮው ኤቢ ምድብ ቢሆን 40 ይጠጋል፣ ልዩነቱም ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጠባብ ቦታ ላይ ሙቀት አትፈልጉም፣ ዲ ይሁን። ለ27 አምፔርና ለ5 ሜትር ርቀት 8 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይበቃል፤ በመንገድ የሚጠፋው ከ0.3 ቮልት አይበልጥም።

«መዳብ» ያልኩት በምክንያት ነው። ገበያው ውስጥ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሞልቷል፤ ላስቲኩ ወፍራም፣ ቀለሙ የሚያምር፣ ዋጋው ግማሽ። የሚያስተላልፈው ከመዳቡ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። አንድ ክር መዝዛችሁ በምላጭ ፋቁት፦ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። በጀታችሁ እሱ ብቻ ከሆነ አንድ መጠን ወፈር አድርጋችሁ ግዙ።

ፊውዙ ባትሪው አጠገብ፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይሰካ። አምፑ ላይ ፊውዝ አለ አይደል የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ይኼኛው የሚጠብቀው አምፑን ሳይሆን ገመዱን ነው። ሁለተኛውን ሲስተሜን የገጠመልኝ ልጅ ገመዱን በሞተሩና በካቢኑ መካከል ባለው ላሜራ ሲያሳልፍ ጎሚኒ (የቀዳዳውን ስለት የሚሸፍን ላስቲክ) አላደረገበትም፣ ፊውዝም አልሰካም። በሦስተኛው ወር ላሜራው ላስቲኩን በላው። ገመዱ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተገናኘውን የመኪናዋን ብረት) የነካ ቀን የሸተተኝን ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም፤ ባትሪውን በክላሽ ፍጥነት ባልነቅለው መኪናዋ ዛሬ አትኖርም ነበር።

ማሳውን እዚያው ኮፈን ውስጥ፣ ከግማሽ ሜትር ባልበለጠ ገመድ፣ ቀለሙ ተፍቆ ላሜራው በሚያበራበት ቦታ እሰሩት። የወንበር ቀበቶ ብሎን ምቹ ይመስላል፤ ተዉት፣ የእሱ ሥራ ሌላ ነው። ላሜራ ከመብሳታችሁ በፊት ከስር ተኝታችሁ እዩ፦ የብዙ መኪና የነዳጅ ታንክ ከኋላ ወንበር ስር ነው።

የባትሪውን ገመድ በአንድ ጎን፣ ከቴፑ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ በሌላው ጎን አሳልፉ። አብረው ከሄዱ ነዳጅ ስትሰጡ አብሮ የሚወጣና የሚወርድ «ዊ» የሚል ድምፅ ሊገባ ይችላል። ቴፑ የፋብሪካው ከሆነና ከኋላው የአርሲኤ መውጫ (ወደ አምፕ የሚሄድ የድምፅ ሶኬት) ከሌለው መቀየር ግድ አይደለም፤ ብዙ ትንንሽ ሳብዉፈሮች ከኋላ ስፒከሮች ሽቦ ላይ በቀጥታ ይቀበላሉ።

ሞተር አጥፍቶ መስማትን በተመለከተ፦ የትንሽ መኪና ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 45 አምፔር ሰዓት ነው። ሙዚቃ በአማካይ 10 አምፔር ቢስብ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ጎረቤት ጠርታችሁ ትገፋላችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ሰዎችም እዚሁ ናችሁ፤ ቢዋይዲም ሌላም ቢሆን ሳብዉፈሩ የሚሠራው በትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ነው። የአንድ ሰዓት ጭፈራ የሚበላባችሁ የአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ ገደማ ነው፣ አያስጨንቅም። ብርቱካናማ ገመድ ግን አትንኩ፣ አጠገቡም አትብሱ፤ እሱ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።

ማስተካከል

ጥሩ ገጠማ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሳብዉፈሩ ከ80 ሄርዝ በላይ እንዳይጫወት አድርጉ። ወደ 120 ከወጣ የዘፋኙ ድምፅ አብሮ ይገባና ሰውየው ከኋላ ወንበር የሚዘፍን ይመስላል። ቴፑ ከፈቀደ የበሮቹ ስፒከሮች ደግሞ ከ80 በታች እንዳይጫወቱ አድርጉ፤ ሸክማቸው ቀልሎ ይጠራሉ።

ጌይን የሚባለው ቁልፍ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ አምፑን ከቴፑ ጋር ማስማሚያ ነው። ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ አድርሱት፣ ከዚያ ቤዙ መቧጨር እስኪጀምር ጨምራችሁ ትንሽ መልሱ። ቤዝ ቡስት የሚለውን ዜሮ ላይ ተዉት። በ6 ዴሲቤል ብታነሱት አምፑን አራት እጥፍ ዋት ነው የምትጠይቁት፤ የለውም፣ ሲያጣ ደግሞ የሚያቃጥለው ስፒከሩን ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ሄርዝ ነው። ለአብዛኛው የእኛ ሙዚቃ እስከዚያ በጥራት መውረድ ከበቂ በላይ ስለሆነ 25 ሄርዝ ፍለጋ ገንዘብ አታፍሱ።

ፌዝ (phase፣ የስፒከሩን መግፋትና መሳብ የሚያገላብጥ) የሚለውን ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ማንም አይነካውም። የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሌላ ሰው ከ0 ወደ 180 ያገላብጠው፤ ቤዙ በጎላበት በኩል ተዉት። በነፃ የሚገኝ ማሻሻያ ነው።

ሳጥኑን እሰሩት። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትሄድ መኪና በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ብትቆም 15 ኪሎ ሳጥን ከ200 ኪሎ በላይ ሆኖ የኋላ ወንበሩን ይመታል፤ እዚያ የሚቀመጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። ሁለት የብረት ማዕዘንና አራት ብሎን ይበቃል። በዓል ሲመጣ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ብሎኖቹን በእጅ የሚፈቱ አድርጓቸው፣ ገመዱንም በሶኬት ጨርሱት።

ሁሉም አልቆ «ዝርርር» የሚል ነገር ከሰማችሁ ስፒከሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ውጡና ታርጋውን በእጃችሁ ያዙት።